ታሪክ፣ ጀርመንኛና የአያቴ እሺታ

አባባ ካረፉ በኋላ ነው ይህን ለመጻፍ የደፈርኩት። አባባ የምላቸው የእናቴን አባት ነው። እሳቸው በሕይወት እያሉ ቢሆን አንዲት መስመር አይወጣኝም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመረጥኩት ታሪክና ጀርመንኛን አንድ ላይ ነው፤ ሁለት ትምህርት ክፍል፣ አንድ ዲግሪ። እናቴ ስትሰማ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" አለችኝ። አባባ ግን ከጋቢያቸው ውስጥ ሆነው "ተያት፤ ሁለት ባላ ትከል ነው የሚባለው። አንዱ ቢሰበር ባንዱ ትንጠለጠላለች" ብለው ወሬውን ዘጉት። ተረት በተረት ተሸነፈና እኔ ተመዘገብኩ።

የሰፈር ልጆች ግን አልለቀቁኝም። ሁሉም አካውንቲንግና ሶፍትዌር በሚማርበት ዘመን የኔ ነገር ሙድ መያዣ ሆነላቸው።

"የጀርመን ታሪክ ነው የምትማሪው?"

"አይደለም። ታሪክ። ደግሞም ጀርመንኛ።"

"እና ስትመረቂ ምን ትሆኛለሽ?"

"አሮጊት" እላለሁ። ሲደጋገም ሰው ያናድዳል እኮ።

እውነቱን ለመናገር እኔም አንዳንዴ ግራ ይገባኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት የታሪክ መምህራችን አሉ፤ ኮስታራ ሰው ናቸው፣ ሲስቁ ያየ ተማሪ የለም። "ሽማግሌ ዘንድ ሄዳችሁ መልሱን ጥያቄው ውስጥ ከትታችሁ ከጠየቃችሁ፣ የሰማችሁት ሽማግሌውን ሳይሆን ራሳችሁን ነው" ይሉናል። ዝም ብላችሁ አድምጡ ነው ነገሩ። ከሰዓት ጀርመንኛ ክፍል ስገባ ደግሞ ዝም ማለት ክልክል ነው፤ ብትሳሳቺም ተናገሪ። ግሱ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ እስኪመጣ መጠበቁ ሌላውን ሰው ያስጨንቀዋል ይባላል፤ እኛ ግን ከእናታችን ጡት ጋር የለመድነው ስለሆነ እሱ አልከበደኝም። የከበደኝ ጠዋት የታሰርኩትን ምላስ ከሰዓት መፍታት ነበር። ማታ በባቡር ወደ አያት ሰፈር ስመለስ ጭንቅላቴ እንደ ወናፍ ይነፋል።

አራተኛ ዓመት ላይ የመመረቂያ ጽሑፋችንን ለሁለቱም ትምህርት ክፍሎች የሚሆን አድርገን፣ በጀርመንኛ እንድንጽፍ ተባልን። የኔ ርዕስ የአባባ መንደር ነበር፤ ከአያት ብዙም ሳይርቅ የነበረና አሁን አስፋልትና ኮንዶሚኒየም የሆነ የገበሬዎች መንደር። አማካሪዬ የጀርመንኛ መምህሬ ሆነች። ከአገሯ መጥታ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ተከራይታ የምትኖር፣ ቀጠሮ ላይ ሁሌ ቀድማ የምትገኝ፣ ደግ ሴት ናት። እዚያው ሰፈሯ ካፌ ውስጥ እንገናኝ ነበር።

አንድ ቀን ላፕቶፗን ወደ እኔ አዞረችው። ድሮ በዚህ በኩል ያለፈ አንድ ጀርመናዊ መንገደኛ የጻፈው ነው። ኮረብታ አይቷል፤ ኮረብታው ላይ ትልቅ ሾላ፣ ከሾላው ሥር ገበያ። አንድ ባላገርም ድንኳኑን በደጁ አስተክሎ አሳድሮታል።

"የአያትሽ መንደር ነው። እርግጠኛ ነኝ ማለት ይቻላል" አለችኝ። "እሳቸው ካረጋገጡልን ትልቅ ነገር ነው። ለማስተርስ ጀርመን ይዤ የምሄደው አንድ ተማሪ አለ። ያቺ አንቺ ትሆኛለሽ።"

ያን የጀርመን ቦታ እንዴት እንደፈለግኩት በምን ቃል ልናገር? ለሰፈሩ ልጆች መልስ ይሆነኝ ነበር፤ ለእናቴም። ችግሩ ግን እኔ ስለዚያ መንደር አባባን እየጠየቅኩ ነው ያደግኩት። ሾላ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ገበያ የሚወጡት ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ ተነስተው፣ አህያ እየነዱ፣ ሩቅ አገር ነበር። ይህንኑ ነገርኳት።

"ለዚህ እኮ ነው እሳቸውን የምንጠይቃቸው" አለች፣ ዓይኗ እያበራ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን መጣች። ሊፍት የሚባል ነገር ስለሌለን አራት ፎቅ ወጥታ፣ ፊቷ ቀልቶ ነው የደረሰችው። አባባ በዱላቸው ተደግፈው ከመቀመጫቸው ተነሱላት። እናቴ ጭኮ በቅቤ አሽታ፣ እርጎ በትልቅ ጣሳ አቅርባ ጠበቀቻት። እንግዳዋም አላሳፈረችንም፤ በላች፣ ጨመረች፣ አባባ በእጃቸው ሲያጎርሷት አፏን በደንብ ከፈተች። አባባ ደስታቸው ወሰን አጣ። እኔ ለማስተርጎም መሃል ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። እሷ በጀርመንኛ፣ እኔ በአማርኛ፤ እሳቸው በአማርኛ፣ እኔ በጀርመንኛ።

"ኮረብታው ላይ ትልቅ ሾላ ነበረ አይደል?"

አባባ ፊቷን አዩት። ፊቷ በተስፋ ተሞልቷል።

"ነበረ" አሉ።

ተረጎምኩ። ጻፈች።

"ከሥሩስ ገበያ ይቆም ነበር?"

"ይቆም ነበር። ትልቅ ገበያ።"

"ትልቅ" የምትለዋን ማንም አልጠየቃቸውም። ተረጎምኩ። ጻፈች።

"አያትዎ አንድ ፈረንጅ በደጃቸው አሳድረዋል ሲባል ሰምተዋል?"

"ሰምቻለሁ እንጂ። በግ አርደውለታል።"

በግ። መንገደኛው ራሱ ያልጻፈውን በግ አባባ እዚያው ሳሎናችን ውስጥ አረዱለት። እሷ በደስታ ትጽፋለች። ጀርመን እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ ከእርጎው ጣሳ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ዝም ካልኩ የኔ ናት። አስተርጓሚ የተባለውን ይተረጉማል፣ ሌላ ምን ዕዳ አለበት? ደግሞስ ሽማግሌን በእንግዳ ፊት "ዋሽተዋል" የሚል ማን ያሳደገው ልጅ ነው? እናቴ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። በዓይኗ ብቻ "ዋ" አለችኝ።

ግን የዚያ የኮስታራው መምህሬ ድምፅ አልተወኝም። ወደ አባባ ዞሬ፣ ቤት ውስጥ በምንነጋገርበት በኦሮምኛ፣ ቀስ ብዬ "አባባ፣ ገበያ ነበረ እንዴ? ለእኔ ሩቅ ነው የምንሄደው አላሉኝም?" አልኳቸው።

አባባ በኔ ሞኝነት አዘኑ። እሳቸውም በኦሮምኛ መለሱልኝ። "ከባሕር ማዶ መጥታ፣ ይህን ሁሉ ደረጃ ወጥታ፣ እህሌን ቀምሳ፣ የለም ብዬ ባዶ እጇን ልስደዳት? የምትፈልገውን እያየሁት? እንግዳን እንዲህ አያደርጉትም፣ ልጄ።"

"ምን አሉ?" አለች መምህሬ። እርሳሷ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንዲት ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩላት።

እርሳሷን አስቀመጠች። ቅላቱ ከአንገቷ ጀምሮ ወደ ፊቷ ወጣ። "ሾላውስ?" አለች። አላውቅም አልኳት። "በጉስ?" በጉማ ጭራሽ አልኳት። ተቆጥታ የምትነሳ መስሎኝ ወንበሬን ሳብኩ። አልተነሳችም፤ ጥፋቱ የኔ አጠያየቅ ነው ብላ ራሷን ያዘች።

አባባ ግን ከፊታችን ነገሩን አነበቡት። "ምን አልሻት?" አሉኝ።

"እውነቱን።"

ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወለሉን ያያሉ። ሲናገሩ ለእሷ አልነበረም፤ ለኔም መሆኑን እንጃ። በኦሮምኛ ነው የተናገሩት።

"ያኔም እንዲህ ነው የሆነው" አሉ። "መሬቱ ለቤት ይፈለጋል ያሉት ሰዎች መጀመሪያ እኔ ቤት መጡ። የመንደሩ ሽማግሌ እኔ ነበርኩ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ጫማቸውን ደጅ አራግፈው ገቡ። እናትሽ እርጎ አቀረበች፣ ጠጡ። ከዚያ 'አባታችን፣ እርስዎ ከተስማሙ ሌላውም ይስማማል፤ ተስማምተዋል እንበል?' አሉኝ። ቤቴ ውስጥ ናቸው፤ እህሌ ገና ከአፋቸው አልደረቀም። እሺ አልኳቸው። ነገ ከቤቴ ውጭ፣ ስብሰባው ላይ፣ እምቢ እላለሁ ብዬ ነበር የማስበው። እዚያ እንግዳዬ አይደሉማ።"

ቀና አሉና ቀጠሉ።

"ስብሰባው ላይ ስደርስ ተነግሮ አልቋል። ሽማግሌው እሺ ብለዋል ተባለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አባታችን እሺ ካሉማ ያወቁት ነገር ቢኖር ነው አሉ፣ እየተከታተሉ እሺ አሉ። ምንም ያወቅኩት ነገር አልነበረም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ።"

እናቴ ሌላ ጣሳ እርጎ ይዛ መሃል ቤት ደርቃ ቀረች። እሷም የእሺታውን ምስጢር ገና ያን ቅዳሜ መስማቷ ነበር። እኔ እንባዬ መጣ፤ ለመንደሩ ይሁን ለሳቸው አላውቅም፣ ብቻ መጣ።

መምህሬ ጠበቀችኝ። ይህንንም ተረጎምኩ፤ ግሱ ጋ ስደርስ እየቆምኩ። ስጨርስ እሷም ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ በዝግታ፣ "የመንገደኛውን ነገር እርሺው። ጥናትሽ ይህ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ አላየሁም። ይህን ይዘሽ ነው ጀርመን የምትሄጂው" አለችኝ። "ግን ፈቃዳቸው ያስፈልገናል። ጠይቂያቸው።"

ጠየቅኳቸው። ምን ማለት እንደሆነም አልደበቅኳቸውም፤ ጽሑፉ በሰው ፊት ይቀርባል፣ ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፣ የፈለገ ያነበዋል። በየዓመቱ ታቦት ሲወጣ ያ የተበተነ ጎረቤት ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል፤ የአባባን ጉልበት ሳይስም የሚሄድ የለም። የነዚያ ሰዎች ልጆች ዛሬ እንደኔው ተማሪዎች ናቸው፣ ያነባሉ።

አባባ እንግዳዋን አዩ። እርጥብ ዓይኗን፣ እርሳሷን፣ ገና ያልጨረሰችውን እርጎዋን። ከዚያ እኔን አዩ፤ የጀርመኑን ቦታ እንደምፈልገው ፊቴ ላይ ተጽፎ መሆን አለበት። ዱላቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ።

"ካስደሰታትማ" አሉ፣ "እሺ፣ ይጻፍ። እንግዳ አይደለች?"

መምህሬ "እሺ" የምትለዋን አማርኛ ታውቃታለች። ፈገግ ማለት ጀምራለች።

"አልፈቀዱም" አልኳት።

"እሺ ያሉ መስሎኝ?"

"እሺታው ለእንግድነትሽ ነው። መልሳቸው ናይን ነው።"

በዚያን ቀን ካስተረጎምኩት ሁሉ እሳቸው ያላሉት ይህ ብቻ ነው። ጀርመንም በዚያች የእምቢታ ቃል ከእጄ ወጣች፤ ኋላ ሌላ ተማሪ ሄደበት፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ይመቸው። እኔ ስለ ሌላ ነገር ጽፌ ተመረቅኩ።

"ይገባኛል። መብታቸው ነው" አለች መምህሬ፤ የጻፈችባቸውን ወረቀቶች አጠፈች፣ ጣሳዋንም አንስታ የቀረውን እርጎ መጠጣት ጀመረች።

አባባ ጠረጠሩ። "እኔ ያልኩት ረዘም ይላል። ምን አልሻት?"

"እምቢ ብለዋል አልኳት።"

ደነገጡ። ቶሎ ብለው ወደ እሷ ዞሩ፣ እንደሚነሱ ሁሉ ዱላቸውን አጠበቁ። "ተቀየመች?"

"አልተቀየመችም፣ አባባ። 'መብታቸው ነው' ነው ያለችው።"

እርጎዋን እስክትጨርስ አዩአት። አባባ እንደዚያ አድርገው ሰው ሲያዩ አይቼ አላውቅም። ጣሳውን አስቀምጣ፣ አፏን ጠርጋ፣ እጅ ነስታ አመሰገነቻቸው።

"ይኸው ነው?" አሉኝ ቀስ ብለው። "እምቢ ማለት ይኸው ነው?"