በመዳፍ የተለካ የባቡር ድምፅ

ረመዳን ስፒከር ጠጋኝ ነው። ቆቦ ከተማ ላይ ደግሞ ስፒከር መቀደዱን አያቆምም። አስፋልቱ ዳር ያለ ሱቅ ሁሉ ከጎረቤቱ በልጦ ለመሰማት ዘፈን ይለቃል፤ ጎረቤቱም ይጨምራል። በሦስተኛው ቀን የአንዳቸው ይቀደድና ተሸክሞት ወደ ረመዳን ይመጣል። ረመዳን ራሱ ግን ድምፅ የሚባል አልፈጠረበትም። ሲያናግሩት አንገቱን ደፍቶ ነው የሚመልሰው፣ ለያዘው ሽቦ የሚያወራ ይመስላል። ማንበብም ከቁጥር አልፎ እምብዛም አይሄድለትም።

የሚሠራው ሀዲድ ካፌ በረንዳ ላይ ነው። ካፌውን ሀዲድ ያለው ባለቤቱ ይድነቃቸው ነው፤ ባቡር ሊመጣ ነው ሲባል ቀድሞ ከፈተ። ባቡሩ ቀረ። ሜዳው ላይ የተከመረው የሀዲዱ አፈር የከብት መሄጃ ሆነ። የካፌው ስም ግን አንዴ በቀለም ተጽፏል፣ ማን ይፍቀው።

አንድ የባቡር መሐንዲስ ሲሄድ ለይድነቃቸው በካርቶን የታሸገ ሞዴል ባቡር ትቶለት ነበር። ስንዝር ስንዝር የሚሆኑ ሁለት ባቡሮች ናቸው፣ ቀይና አረንጓዴ። ዘንድሮ ከካርቶን ወጡና በግድግዳው ዙሪያ መደርደሪያ ተሠራላቸው። በሆዳቸው የሳንቲም ያህል ስፒከር አለች። ቀዩ ጡሩምባውን ሲነፋ ሲኖትራክ ካፌ የገባ ይመስላል። አረንጓዴው ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያቃስታል።

«ቅዳሜ እንግዳ ጠርቻለሁ» አለው ይድነቃቸው። «እስከዚያ እንደ ባቡር ካልጮኹልኝ በረንዳውን ለዚያች ልጅ፣ ለሲቲ ነው የምሰጠው። ጁስ ልሸጥበት ካለችኝ ቆየች።»

«ባቡር እንዴት ነው የሚጮኸው፣ ጋሼ?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? እንደ ባቡር ነዋ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ከበደ። ከተማው ስለ ባቡር የማያወራ የለውም፤ የሰማው ግን የለም። ባጃጅ ነጂዎቹ «ጨምርበት» አሉት። ባለወፍጮው «ከእኔ ወፍጮ በላይ የሚጮህ ካለ ይምጣና እንየው» አለ። በመጨረሻ ረመዳን በወጣትነታቸው ድሬዳዋ የባቡር ጣቢያ ወዛደር ወደነበሩት ወደ አባ አሊ ሄደ።

«አባ አሊ፣ ባቡር ምን ያህል ይጮሃል?»

«የት ቆመህ?»

«እንዴት የት?»

«ልጄ፣ አጠገቡ ከቆምክ ጆሮ የለህም። ሩቅ ከቆምክ ትንኝ ነው። አንተ የት ነው የቆምከው?»

ረመዳን ሲያስብበት አደረ። በማግስቱ ቀዩን ባቡር በመሐረብ ጠቅልሎ ወደዚያ አፈር ክምር ወጣ። ባቡሩን መዳፉ ላይ አቆመ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ የሚሄዱትን የጭነት መኪኖች ከመዳፉ ጋር ያስተያይ ጀመር። እንጨት ለቅመው የሚመለሱ ሴቶች አዩት።

«አንተ፣ ምን እያየህ ነው?» አለችው ራቢዓ የምትባለው ጎረቤቱ።

«ድምፅ» አላት።

«ያ ረቢ፣ ይሄን ፀሐይ ነው የመታው» አለችና ሄደች።

አንዱ መኪና ርቆ ርቆ ለዓይኑ መዳፉ ላይ ያለውን ባቡር አከለ። ይህን ያህል የሚያንስ ባቡር የሩቅ ባቡር ነው ብሎ ረመዳን ያኔ ጆሮውን ሰጠ። እዚህ ግባ የሚባል ድምፅ አልነበረም፤ እም የሚል ነገር፣ ቀጥሎ ቀጭን ጡሩምባ። እሱን በልቡ ይዞ ተመለሰ። ከባቡሮቹ ጋር በመጣው ሪሞት ላይ ለጡሩምባው አንድ ቁጥር አለ፣ ለሞተሩ ሌላ፣ ለፍሬኑ ሌላ። አንድ በአንድ አወረዳቸው። አረንጓዴውን ከቀዩ እስኪተካከል ከፍ አደረገው።

ቅዳሜ ካፌው ሞላ፣ ትልቁ ስፒከርም ዘፈኑን ለቀቀ። ይድነቃቸው አጭር ንግግር አደረገና ባቡሮቹን ለቀቃቸው። ዞሩ። ማንም ምንም አልሰማም።

«ረመዳን፣ አጠፋኸው እንዴ?» አለ ይድነቃቸው።

«እስቲ ዝም በሉ» አሉ አባ አሊ።

ሰው ዝም አለ፣ ትልቁም ስፒከር ተዘጋ። ያን ጊዜ ከመደርደሪያው ጥግ ቀጭን ጡሩምባ መጣ። ከሩቅ፣ ከሜዳው ማዶ የሚመጣ ነበር የሚመስለው። አባ አሊ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ገና ጎብዬ ከተማ ነው፣ አልደረሰም» አሉ።

አንዱ እንግዳ ሳያውቀው ወደ በሩ ዞሮ አየ። ሌላው የጨረሰውን የሻይ ብርጭቆ እንደያዘ ቀረ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ማንም አላዘዘም። ይድነቃቸው ይሄን አየና ወደ ረመዳን ጠጋ አለ።

«ጨምረው በቃ፣ ሰው እያወራ ይዘዝ።»

«አይሆንም» አለ ረመዳን።

እንደ ልማዱ ለጫማው ነው የተናገረው። ግን ቤቱ ጭጭ ብሎ ስለነበር እስከ ጓዳ ተሰማ። ከዚያ ቀን በፊት ረመዳን አይሆንም ሲል የሰማ ሰው ቆቦ ላይ አልነበረም። እንግዳው ሁሉ ይድነቃቸውን አየው።

«አብሽር፣ አትስጋ» አሉት አባ አሊ ይድነቃቸውን፣ «ልጁ ለክቶት ነው።»

ይድነቃቸው በሰው ፊት «እሺ» ብሎ ወደ ባንኮኒው ተመለሰ። በረንዳው ለረመዳን ጸና።

ከዚያ ወዲህ ሰው ባቡሩን ለመስማት እየገባ ስለሆነ ካፌው ትልቁን ስፒከር አይከፍትም። ጎረቤት ያለው ጫማ ሻጭም ብቻውን መጮኹ ሲያሳፍረው ቀነሰ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ሲቲ ጁሷን ከአስፋልቱ ማዶ ከፈተች፣ ያለ ዘፈን። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፣ አንድ ስፒከር አልተቀደደም።

የረመዳን ጠረጴዛ ላይ የሚጠገን ነገር የለም። አንዳንዴ ይነሳና ሪሞቱን ያነሳል፤ አውራ ጣቱን ድምፅ በምትጨምረው የመደመር ምልክት ላይ ያሳርፋል። ከዚያ መዳፉን ያያል፣ ሪሞቱን ይመልስና በረንዳው ላይ ቁጭ ይላል።