መሞትን ያስተማርኩት ልጅ

ወናጎ ላይ ተውኔት ያስተማርኩ ሰው እኔ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ማንበብ የተማርኩት የቡና ማጠቢያ ዘበኛ ሳለሁ፣ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ያም ሆኖ የጥንት ተውኔቶችን ዲላ ካሉ ዲግሪ የጫኑ ሰዎች ይልቅ አውቃለሁ። የከተማው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርም ይህን ስላወቀ ነው ቡና ሲለቅሙ ውለው በባዶ ሆዳቸው የሚመጡትን ልጆች የሰጠኝ።

ያዘጋጀነው፣ ንጉሥ በገዛ ወዳጁ እጅ የሚገደልበትን የጥንት ተውኔት ነበር። ንጉሡንና ገዳዩን የሚጫወቱት የጎረቤታሞች ልጆች ናቸው። አባቶቻቸው ግን በእንሰት ማሳ ድንበር ተፈነካክተው አይነጋገሩም። ሆን ብዬ ነው የመረጥኳቸው፤ ቁጣው ከቤታቸው ተዘጋጅቶ ይመጣልኛል ብዬ።

ንጉሡን መሞት ለማስተማር ወር ፈጀብኝ።

"ሦስት ጊዜ እስካጨበጭብ ድረስ ሬሳ ነህ! ሬሳ ቢጠሩት አይሰማም፣ ጉንዳን ቢነክሰው አያክክም።"

"ቢያስነጥሰኝስ ጋሼ?"

"ንጉሥ ከሞተ በኋላ አያስነጥስም!"

በትዕይንቱ ቀን ከሥጋ ቤት የበግ ደም አምጥቼ፣ በፌስታል ቋጥሬ ለንጉሡ ከሸሚዙ ሥር አሰርኩለት። ገዳዩ በእንጨት ጩቤው ሲወጋው ፌስታሉ ፈነዳና ደሙ እስከ ፊተኛው ወንበር ተረጨ። እናቶች ጮኹ። በዕድሜው ተውኔት አይቶ የማያውቀው የንጉሡ አባት፣ ከማሳ ይዞት የመጣውን ገጀራ አንሥቶ መድረኩ ላይ ዘሎ ወጣ።

"አባትህ ድንበሬን በላ፣ አንተ ደግሞ ልጄን ልትበላ!"

በገጀራው እጀታ የገዳዩን አፍ መታው። ልጁ ጥርሱን ተፋ። ስለቱን ሲያነሣበት መሀል ገባሁ፤ ቀኝ ክንዴ እስከ አጥንቱ ተከፈተ።

"ልጅህ አልሞተም! አንተ፣ ተነሣ!" ብዬ ጮኽኩ።

ሬሳው ቅንድቡን እንኳ አላነቃነቀም። ማስተማሬ ያን ያህል ነው! ላጨብጭብ ብል ቀኝ እጄ እምቢ አለኝ። ገጀራው እንደገና ከፍ ሲል፣ ገዳዩ አፉ ደም እንደሞላ ተንበርክኮ አጨበጨበ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ንጉሡ ብድግ ብሎ ለተመልካቹ እጅ ነሣ።

ገጀራው ከአባትየው እጅ ወደቀ። ልጁን ደረቱን፣ ሆዱን፣ አንገቱን ዳበሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ሽማግሌ፣ ልጄን ምን አደረግከው?"

"ተዋናይ አደረግኩልህ" አልኩት።

ጠባሳዬን ለጠየቀኝ ሁሉ እጅጌዬን ሰብስቤ አሳያለሁ። ገዳዩ ግን ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ይስቅና አፉን በእጁ ይሸፍናል። ያኔ እጅጌዬን ወደ ታች እስባለሁ።