በአፈሙዙ የያዝኩት ምንሽር

መቼ እንደነበረ ቁርጡን አላስታውስም። ብቻ ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ነፋስ ስልክ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን በዘበኝነት ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። እኔ የገጠር ሰው ነኝ፣ ያደግኩት ከዱላ ጋር ነው። ምንሽር ያሸከሙኝ አሠሪዎቼ ናቸው። ማቀባበሉንና መተኮሱን ያሳየኝ ደግሞ አብሮኝ የሚጠብቀው ሃምሳ አለቃ ነው፤ የድሮ ወታደር ነበር፣ ቤቱ ጎፋ።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ ጀንበር ገና ሳትጠልቅ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰማሁ። ጥይት አቀባብዬ ሄድኩ። አንድ ጎረምሳ ቆርቆሮ ተሸክሞ በአጥሩ ቀዳዳ ሊሾልክ ነው።

"ቁም!" አልኩት።

ዞሮ አየኝና ሳቀ። "ፋዘር፣ ይሄ ደግሞ ይተኩሳል እንዴ?" ቆርቆሮውን ጣለና ፌሮ ብረት አንስቶ መጣብኝ።

እንግዲህ መተኮስ ነበረብኝ። ለቆርቆሮ ብዬ ሰው ልግደል? እጄ እምቢ አለኝ። ጠመንጃውን ገለበጥኩና አፈሙዙን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ልክ እንደ ዱላ፣ በሰደፉ ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት። ብረቱ ከእጁ ወደቀ፣ እሱም ዘጭ አለ። ልደግመው ሳነሳ ከኋላዬ ተጮኸ።

"ኧረ አንተ ሰውዬ! አፈሙዙ ሆድህ ላይ ነው!"

ጎንበስ ብዬ ባይ እውነቱን ነው። ያቀባበልኩት ጥይት የሚያየው እኔኑ ነው። ደርቄ ቀረሁ።

"እንዳትነቃነቅ" አለኝ ሃምሳ አለቃው። በጎን መጥቶ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አዞረ፣ ማቀባበያውን ሳበ። ጥይቱ መሬት ላይ ዱብ ሲል ነው የተነፈስኩት።

"ከብት ልትመልስ ነው የመጣኸው?" አለኝ። "በሰደፍ የሚመታ ሰው አፈሙዙን ከራሱ ያርቃል!"

ጎረምሳው ትከሻውን ይዞ ያቃስታል። እኔ የፈራሁት ገደልኩት ብዬ ነበር። ሃምሳ አለቃው ክንዱን አንስቶ፣ አጥፎ፣ ዳሰሰው።

"አልተሰበረም። ተነስ፣ ጥፋ!"

እየሮጠ በቀዳዳው ሲወጣ ሳይ፣ ሌባ አመለጠኝ ብዬ ልናደድ ሲገባኝ ደስ አለኝ። ተመስገን አልኩ፣ እሱም አለ እኔም አለሁ። እዚያው ቆርቆሮው ላይ ተቀመጥኩ።

ለብዙ ቀን ጠመንጃውን ማንሳት አልቻልኩም። ሥራውን ልተው ብል "ምንሽሩን እኔ እይዛለሁ፣ አንተ ዱላህን ያዝ" ብሎ አሠሪዎቹን አስማምቶ ያቆየኝ፣ ያንን ጊዜ ያሳለፈኝ፣ ሃምሳ አለቃው ነው።