ዳኛዋና የአባቴ ይቅርታ

ባለፈው ሳምንት ሬኒየር ቢች ሰፈር ያለውን የወላጆቼን ጋራዥ ሳጸዳ፣ ከአሮጌ ጎማ ጀርባ የዳኛዋ የምርጫ ቅስቀሳ ሰሌዳ ወጣ። ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ስሟ ደብዝዟል፤ ፈገግታዋ ግን አለ። እኔን ትዝ ያለኝ ሌላ ሽታ ነው፤ የሚንት ከረሜላዋ።

እዚህ አገር ዳኛም የሚሾመው በሕዝብ ድምፅ ነውና፣ ዳኛዋ ምርጫ ሲደርስ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ትመጣ ነበር። ቀይ መነጽር አድርጋ፣ ለልጆች የምታድለውን ከረሜላ በትልቅ ቦርሳዋ ሞልታ። ነጠላ አልብሰናት በአማርኛ "እንዴት አደራችሁ" ስትል ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ያጨበጭባሉ። ታክሲ ነጂው አባቴ፣ ዜግነቱን ባገኘ ዓመት፣ በእጁ አጎረሳት። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠውም ለእሷ ነው፤ በስሟ አጠገብ ያለችውን ክብ በእስክሪብቶ ሲያጠቁር ትንፋሹን ይዞ ነበር። ሰሌዳዋንም ደጃችን ላይ ራሱ ተከለው። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ወደድኳት፣ ሳድግ እሷን መሆን አማረኝ።

በዓመቱ አንድ ብስክሌተኛ ቀይ መብራት ጥሶ ከአባቴ ታክሲ ጋር ተጋጨ። የቅጣት ቲኬቱ የተጻፈው ግን ለአባቴ ነው። ኩባንያው "አንድ ቲኬት ከተጨመረብህ ትባረራለህ" ብሎት ስለነበር ሊከራከር ፍርድ ቤት ሄደ። ትምህርት ቤት ዝግ ነበርና እኔንም ወሰደኝ። ጉዳዩን የምታየው እሷ መሆኗን ሲሰማ ፊቱ በራ።

"እሷማ ታውቀኛለች" አለኝ።

ዳኛዋ በአስተርጓሚ "ጥፋቱን ፈጽመዋል?" ብላ ጠየቀችው። አባቴ እጅ ነሳ። እሱ ባደገበት አገር፣ ትልቅ ሰው ፊት አስቀድሞ ይቅርታ ይጠየቃል፤ ነገሩ የሚዘረዘረው "ተነስ ልጄ" ከተባለ በኋላ ነው።

"አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ።

ስለ ቀይ መብራቱ ሊናገር አፉን ሲከፍት ቅጣቱን ፈርማ ጨርሳለች። ስሙን አሳምራ ጠርታ፣ እውነቱን ስለተናገረ አመሰገነችው።

አስተርጓሚው "ምነው ጋሼ፣ አላጠፋሁም አይሉም እንዴ?" አለው።

"ገና መቼ ተናገርኩ?"

"ሶሪ ጋሼ፣ ኬዙን ክሎዝ አድርጋዋለች።"

ኮሪደሩ ላይ ሰው እያየን አባቴ እጄን ሊይዝ ሲል መነጨቅሁት። "ራስህ ነህ አጠፋሁ ያልከው" አልኩት፣ በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ። አፍሬበት ነበር።

አባቴ ታክሲውን አስረክቦ ታኮማ ወደብ ላይ ሸክም ጀመረ። እናቴ "ያጎረሳትን እጅ ነከሰች" ስትል ከረመች። በሚቀጥለው ምርጫ የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ ሲመጣ ዳኛዋ ተፎካካሪ አልነበራትም። አባቴ ገልብጦ አየው። "ሌላ ሰው የለም እንዴ?" አለ። አልነበረም። ጡረታ እስክትወጣ እንደዚያው ብቻዋን እየተወዳደረች አሸነፈች።

ከፍርድ ቤቱ ቀን ወዲህ አባቴ ይቅርታ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሾርላይን ከተማ ለነበረው ሠርጌ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ መጣ።

"አባዬ፣ ይቅርታ እንኳ አትልም?" አልኩት።

"አንዴ ብዬ አይተሻል" አለኝ።

ሰሌዳውን ቆሻሻ ውስጥ ከተትኩት። አባቴ ሳሎን ተቀምጦ ነበር፤ አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ስላልኩት ነገር ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ፣ ስለ ጋራዡ አሮጌ ጎማ አወራሁት።