ዶክተር የተባለው መነጽር ሻጭ

ሰፈርተኛው ዛሬም «ዶክተር» ብሎ ይጠራዋል፤ እሱ ግን አይመልስም። ሁለት ጊዜ ይጠሩታል፣ ሦስት ጊዜ ይጠሩታል፣ ጆሮው ደነቆረ እንዴ ይላሉ፤ እሱ መነጽሮቹን መወልወሉን አያቋርጥም። «መነጽር ሻጩ» ያሉት እንደሆነ ግን ወዲያው ቀና ይላል። አዲስ ሰው ነገሩ ይገርመዋል። የሚያውቁት ግን አይገርማቸውም።

ስሙን ያወጣለት ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ነው። የሁለቱም ሱቅ ያለው በአንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር ሲሆን፣ ከመጥበቡ የተነሣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይላል። ልብስ ሰፊው ለአንድ መድኃኒት ቤት የሰፋው ነጭ ጋዋን ነበር፤ ያዘዘው ሰው ሳይወስደው ቀረ። «ከአቧራ ያድንሃል፣ ልበሰው» ብሎ ለመነጽር ሻጩ ሰጠው። ለበሰው። የመነጽር ብሎን የሚያጠብቅባትን ትንሽ መፍቻም ደረት ኪሱ ላይ ሰካት። ልብስ ሰፊው ከላይ እስከ ታች አየውና፣ «ዶክተር፣ እኔንም እየኝ እስቲ፣ ወገቤን ይዞኛል» አለ። ደረጃውን የሚወጣው የሚወርደው ሁሉ ሳቀ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

መጀመሪያ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። እያደር ግን ስሙ ጣመው። የማያውቁት ሰዎች «ዶክተር» እያሉ ሲገቡ ድምፁን ወፈር፣ አነጋገሩን ዘግየት ማድረግ ለመደ። «ቁጭ ይበሉ። ቀና ይበሉ። ወደ ብርሃኑ ዞር ይበሉ» ይላል። «ዶክተር አይደለሁም» ለማለት አንዲት አፍታ ትበቃው ነበር፤ ያችን አፍታ ስድስት ዓመት ሙሉ አላገኛትም።

እውነቱን ለመናገር ሥራውን ያውቃል። ሰው ገና በሩ ላይ ሲቆም ምን እንደሚስማማው ይነግረዋል። ፊቱ ድቡልቡል ያለውን ማዕዘን ያለው ፍሬም ያስሞክረዋል፤ መንጋጋው ሰፋ ላለው ክብ ያነሣለታል። አፍንጫዋ ቀጠን ያለች ሴት ከሆነች ደግሞ የአፍንጫ መደገፊያው የሚጠብና የሚሰፋውን ይሰጣትና፣ «ጎንበስ በይ እስቲ፤ ከወረደ ያንቺ አይደለም» ይላታል። ለፎቶ ለሚፈልገውና ቀኑን ሙሉ ሞተር ላይ ለሚውለው አንድ ዓይነት አይሸጥም። ጥሩውን ከመጥፎው መለየትም ለእሱ ጨዋታ ነው። መነጽሩን ክንድ ያህል አርቆ የበሩን መቃን በውስጡ ያያል፤ መነጽሩን ወዲያ ወዲህ ሲያደርገው መቃኑ ከተጣመመ፣ መስታወቱ የረባ አይደለም። ማጠፊያውን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ በብሎን የተያዘ እንጂ በማጣበቂያ የተለጠፈ እንዳይሆን ያያል።

ከሁሉ በላይ ግን ጥቁረት እንደማያድን ያውቃል። መስታወት ስለጠቆረ ብቻ ጎጂውን ጨረር አያግድም። እንዲያውም የማያግድ ጥቁር መስታወት ከምንም ይብሳል፤ የዓይን ብሌን ጨለማ መስሏት ትሰፋና ጨረሩን ወለል አድርጋ ታስገባዋለች። መሳቢያው ውስጥ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚለዩባት ዓይነት ሐምራዊ መብራት አለችው። የመነጽሩን መስታወት መሐል አድርጎ አንድ የብር ኖት ላይ ያበራል፤ የተደበቀው ምልክት ፈክቶ ከታየ መስታወቱ አያግድም፣ ካልታየ ያግዳል። ይኸው ነው።

መብራቷን ግን የሚያወጣት ውድ መነጽር ሲሸጥ ብቻ ነበር። ለርካሾቹ ሌላ ነገር ነበረው፤ ከጅምላ ሻጭ የሚገዛው የስቲከር ጥቅል። እያንዳንዷ ስቲከር ላይ «ዩቪ 400» የሚል ተጽፏል፣ ጨረር ያግዳል ለማለት ነው። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ይቀመጥና ርካሾቹ ላይ አንድ አንድ ይለጥፋል። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሻጭ ይለጥፋል፣ ገዢውም ቤቱ ሲደርስ ልጦ ይጥላታል፣ ማንን ትጎዳለች እያለ ራሱን አሳምኖ ነው። ጠዋት ጠዋት ራሱን ማሳመን ግን ነበረበት፤ ይህንንም አይክድም።

ከአራት ዓመት በፊት አንዲት ሴት ገባች። ከፎቁ ማዶ፣ መንገድ ዳር፣ የመኪና ማቆሚያ ቲኬት የምትቆርጥ፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰች፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ናት።

«ዶክተር፣ ዓይኔን ያቃጥለኛል» አለችው። «ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነኝ። ይኼንንም ይዩልኝ እስቲ።»

የቀኝ ዓይኗን ሽፋን በጣቷ ገለጥ አደረገች። ከጥጉ፣ ነጩ ላይ፣ የሩዝ ፍሬ የማታክል ሥጋ በቅላለች። መነጽር ሻጩ ጎንበስ ብሎ አየ። ምን እንዳየ አላወቀም። አላውቅም ማለት ግን ለጋዋኑ ከበደው።

«ፀሐይ ነው» አላት በዚያ በወፈረ ድምፁ። «ጥሩ መነጽር ካደረጉ ይተውዎታል።»

የያዘችው ገንዘብ ጥቂት ነበር። ከርካሾቹ መሐል ለፊቷ የሚሆን፣ ጆሮዋን የማይጫን፣ ቅንድቧን ሸፈን የሚያደርግ ጥቁር መነጽር መረጠላት። መስታወት ፊት አቆማት፤ አማረባት፣ እሷም ሳቅ አለች። ከዚያ በመነጽሩ ቀኝ መስታወት ጥግ ላይ ያለችውን ስቲከር ነካ አድርጋ፣ «ይቺስ ምንድን ናት?» ብላ ጠየቀችው።

«ዓይንዎን የምትጠብቀው እሷ ናት» አላት። ለማሻሻጥ ያህል ነው፤ ለሁሉም የሚላት ቃል ነበረች። ሴትየዋም መርቃው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ከሱቁ በር ሆኖ ማዶ ሲመለከት ያያታል። መነጽሯ አይለያትም። እንዲያውም ይኮራባት ነበር፤ ለልብስ ሰፊው በአገጩ እየጠቆመ፣ «አየሃት፣ የኔ ደንበኛ» ይለዋል። መኪና ሲመጣ አንገቷን ሙሉ ለሙሉ አዙራ የማየት ልማድ ነበራት። ጠንቃቃ ሴት ናት ብሎ ያልፈዋል።

ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ ባበቃ ሰሞን፣ ተመልሳ መጣች።

«ዶክተርዬ፣ መነጽሩስ ደህና ነው። ወረቀቷ ናት ያለቀችብኝ» አለችና ከመሐረብ ውስጥ ፈትታ አወጣችው።

መነጽሩ ጭረት እንኳ የለበትም። በቀኙ መስታወት ጥግ ያቺው ስቲከር አለች። ጽሑፏ ጠፍቷል፣ ጠርዟ ተላልጧል፣ እንዳትወድቅ ዳር ዳሯ በቁስል ፕላስተር ተይዟል።

«ሦስት ዓመት ጠበቅኋት» አለች፣ አደራ እንደሚያስረክብ ሰው። «መነጽሩን ሳጥብ እንኳ እሷን ውኃ አላስነካም። አሁን ግን ኃይሏ ያለቀ መሰለኝ፤ ዓይኔ ብሶበታል። ሌላ ወረቀት ብቻ ይለጥፉልኝ፣ አዲስ መነጽር መግዣስ የለኝም።»

መነጽሩን ተቀብሎ ይዞ ቀረ፤ ከስቲከሯ ላይ ዓይኑን ማንሣት አቃተው። ፕላስተሩ በመቀስ ተስተካክሎ የተቆረጠ ነው። ተቀምጣ፣ ቀስ ብላ፣ እንዳይጣመም ተጠንቅቃ ቆርጣዋለች። ይህን ሲያስበው ፊቱ ጋለ።

«ዓይንዎን ያሳዩኝ» አላት። ገለጠችለት። የሩዝ ፍሬዋ አድጋ፣ ቀልታ፣ ጫፏ ብሌኗ ዘንድ ደርሷል።

«ሐኪም ቤት አልሄዱም?»

«ሐኪም ቤት ምን አደርጋለሁ? እርስዎ አይተውልኝ የለም እንዴ» አለች። «ልጄ ነጋ ጠባ ሂጂ ሂጂ ትለኛለች። ዶክተር አይተውኛል፣ አርፈሽ ተቀመጪ እላታለሁ።»

መናገር የነበረበት ያኔ ነው። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው የለም፤ ልብስ ሰፊው እንኳ ምሳ ወጥቷል። አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እንግዲያው መነጽሩን እንቀይረዋለን፣ እትዬ» አለ። «በነጻ ነው።»

ከላይኛው መደርደሪያ የሱቁን ምርጥ አወረደ። ማንም ሳይጠይቀው ሐምራዊዋን መብራት አውጥቶ ፈተነው፣ ማጠፊያውን አየ፣ በፊቷ ልክ አስተካከለው። እፍረቱን በመነጽር ሊሸፍን ነው። ሴትየዋ እጁን በሁለት እጆቿ ይዛ መረቀችው፤ ዕድሜውን መረቀች፣ ልጆቹን መረቀች፣ የተማረበትን ቤት ሳይቀር መረቀች። እያንዳንዷ ምርቃት እንደ እሳት ፈጀችው።

መነጽር ያቺን ሥጋ እንደማያነሣት አላጣውም። ስለዚህ፣ «ሌላ ሐኪምም ይይዎት፤ ነገ እኔው እወስድዎታለሁ» አላት። «ሌላ» የምትለዋን ቃል ከአፉ ስትወጣ ሰማት። ሊመልሳት ይችል ነበር፤ አልመለሳትም።

በማግስቱ ጋዋኑን ሱቅ ትቶ፣ በሸሚዝ ብቻ ይዟት ወደ አንድ የዓይን ክሊኒክ ሄደ። ጋዋኑን ማውለቁ ራሱ እውነት እንደ መናገር ይቆጠርልኛል ብሎ ነበር መሰለኝ። አልተቆጠረለትም። መዝጋቢዋ «አስታማሚዋ እርስዎ ነዎት?» ብላ ስትጠይቀው፣ ሴትየዋ ቀድማ፣ አፏን ሞልታ፣ «ዶክተሬ ናቸው፤ እሳቸው ናቸው ያመጡኝ» አለች። መዝጋቢዋ ከወንበሯ ከፍ ብላ፣ «እንደምን አደሩ ዶክተር» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። ሰው ቃል ሳይተነፍስም ዓይን ያወጣ ውሸት ሊዋሽ ይችላል።

ኮሪደሩ ላይ ያሉት ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለት። ሴትየዋ ተጠርታ ስትገባ፣ አጠገቡ ያሉ አንድ ሽማግሌ ወደ እሱ ዘንበል ብለው፣ «ዶክተር፣ እኔን ማታ ማታ ዓይኔን ያስለቅሰኛል፣ ምን ይሻለኛል?» አሉት። «ተራዎን ይጠብቁ፣ አባቴ» አላቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

በሩ ተከፈተና አንድ ወጣት ሐኪም ብቅ አለ። ሴትየዋ ከኋላው ቆማ፣ አዲሱን መነጽር ፀጉሯ ላይ አድርጋ፣ በፈገግታ ወደ መነጽር ሻጩ ትጠቁማለች። ሐኪሙ እጁን ዘረጋ።

«ዶክተር፣ ይግቡ እስቲ። ከሦስት ዓመት በፊት አይተዋቸዋል አሉኝ። ያኔ ሥጋዋ የት ድረስ ነበረች? ምንስ አዘዙላቸው?»

መነጽር ሻጩ ተነሣ። የተዘረጋውን እጅ አየው፤ ንጹሕ፣ ጥፍሩ የተቆረጠ እጅ ነው። ቢጨብጠው ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ሌላ መዋሸት ሊኖርበት ነው፣ ከዚያም ሌላ። ሴትየዋ ፈገግ እንዳለች ናት።

«ዶክተር አይደለሁም» አለ።

«ታዲያ ምንድን ነዎት?»

«መነጽር ሻጭ ነኝ። ሰዎች በቀልድ ዶክተር ይሉኛል። ዝም እል ነበር።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ፤ እሳቸው ያፈሩ ይመስል። ሐኪሙ እጁን መልሶ ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከተተና ወደ ሴትየዋ ዞረ። አነጋገሩ ረጋ ያለ ነበር። ያኔ ብትመጣ ኖሮ ክትትልና ጠብታ ሳይበቃት እንደማይቀር፣ አሁን ግን ሥጋዋ በቀዶ ጥገና ብቻ እንደምትነሣ፣ ከተነሣችም በኋላ እይታዋ እንደ ድሮው ይመለሳል ብሎ ቃል መግባት እንደማይችል ነገራት።

ሴትየዋ አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ከቦርሳዋ መሐረቡን አወጣች። ሐኪሙ ቢያየው ብላ አሮጌውን መነጽር ይዛው መጥታ ኖሯል።

«ወረቀቷስ?» አለችው።

«እሷም ምንም አትሠራም፣ እትዬ። ጥቅሉን ገዝቼ እኔው ነኝ የምለጥፋት።»

«አንተ ነህ?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ከ«እርስዎ» ወርዳ አታውቅም። አንተ መባልማ በቀን መቶ ጊዜ ይባላል፤ ልብስ ሰፊው ከ«አንተ» ሌላ ጠርቶት አያውቅም። የሷ «አንተ» ግን ከእግር እስከ ራሱ አራቆተው። እፍረት ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር ይላል ዛሬ፤ አላውቅም ነበር።

ሴትየዋ ፕላስተሩን በአውራ ጣቷ ጥፍር መላጥ ጀመረች። ስቲከሯ ሦስት ዓመት የተጠነቀቀችላት ናትና በቀላሉ አልለቀቀችም። በመጨረሻ ተነቀለች። መነጽሩን አደረገችና ኮሪደሩን በቀኝ በኩል፣ አንገቷን ሳታዞር፣ አየች።

«በዚህ በኩል መኪና ሲመጣ አይታየኝም ነበር» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «ወረቀቷ ትከልለኝ ነበር። እንዳልነቅላት ብዬ ሦስት ዓመት ሙሉ አንገቴን እያዞርኩ ነው የሠራሁት።»

ከዚያ የመነጽር ሻጩን እጅ ያዘችና መዳፉን ገለጠች። ትናንት ስትመርቀው የያዘችው እጅ ነው።

«እንካ» አለችው፤ ስቲከሯን መዳፉ ላይ አኖረችና ወደ ሐኪሙ ክፍል ተመልሳ ገባች።