የወይዘሮ በለጡ ቋንጣና የማይቀምሱት ዳኛ

«ያላለቀሰ ዓይኔ ጨው ነካው መሰለኝ፣
ሆዴ ውኃ አዝሎ…»

ወይዘሮ በለጡ ሲያንጎራጉሩ ከዚህ ወዲያ ግጥሙ ይጠፋቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሐረር ወታደርና ሹም ቋንጣ ሲዘለዝሉ፣ ጨውና በርበሬ ሲያሹ፣ በገመድ ሲሰቅሉ ኖረዋል። ራሳቸው ቁጭ ብለው የበሉበትን ቀን ግን የሚያስታውስ ጎረቤት የለም።

አንድ የጥቅምት ጠዋት ወጣቱ ባሻ ሳህሉ ያሠራውን ስንቅ ሊወስድ መጣ። የሰጠው ሁለት ሰው የተሸከመው የበሬ ታፋ ነበር፤ የተረከበው በአንድ እጅ የሚነሣ ቅርጫት። ግማሹን በልተውታል ብሎ እዚያው ፈረደ። የጎደለው ውኃው ነው ቢሉት ሳቀ። ሌባ ከተባሉ ደግሞ ከእንግዲህ ሥጋውን የሚያምናቸው የለም።

እንደ ደንቡ ጋቢውን ከነጠላቸው ጋር ቋጥሮ ቁራኛ አደረጋቸውና ከአላፊ አግዳሚው የመንገድ ዳኛ ፍለጋ ወጡ። ሦስት አላፊዎች ቢለመኑ፣ ሦስቱም ፍርዱ እንዲቀናቸው ቋንጣውን መቅመስ ፈለጉ። በመጨረሻ ጨው ነጋዴው ሐጂ ዐብዱረዛቅ ሚዛናቸውን ይዘው ከጊደር መጋላ ገበያ ሲመለሱ ተገኙ። ሙስሊም ናቸውና ክርስቲያን ያረደውን አይቀምሱም፤ ከዚህ የተሻለ ዳኛ ከየት ይመጣል?

ወይዘሮ በለጡ ባሻን ያስገዙትን አንድ ጥሬ ዝልዝል አስመዘኑ፤ ከሐጂ ከረጢት ጨው በእፍኝ ነሰነሱበትና ሳህን ላይ አኖሩት። ሥጋ ለዓይን በማይታዩ ጓዳዎች የተሠራ ነው። የየጓዳው ግድግዳ ስስ ነው፣ ውኃ ያሳልፋል፤ ውጭው ጨው ሲበዛበት ውኃው ቤቱን ጥሎ ወደ ጨው ይሰደዳል። ይህን ለሴትዮዋ ያስተማራቸው አልነበረም። ሲመሽ ግን ሳህኑ ውኃ አቁሯል፣ ዝልዝሉም በሚዛን ቀልሏል።

«ውኃ አፍስሰሽበታል» አለ ባሻ።

ሐጂ ቋጠሮውን አዩት። «ልጄ፣ ከእርሳቸው ጋር ታስረህ የዋልኸው አንተ ነህ። ሲያፈሱ አይተሃል?»

ባሻ ከሳሽም ምስክርም እርሱ ሆነና ተረታ።

«ቋንጣው ድስት ሲገባ ደግሞ ውኃውን መልሶ ይጠጣል» አሉ ወይዘሮ በለጡ። «የምትሄድበት ስትደርስ ታየዋለህ።»

ባሻ ቋጠሮውን ፈታ፤ ዝልዝሉንም «ለእርስዎ ይሁን» ብሎ ተወላቸው። ጠበሱትና በርጩማ ስበው ቁጭ አሉ። ለማስረጃ የተነሰነሰው ጨው ሦስት ጣሳ ውኃ አስጠጣቸው፤ የሚቀዳላቸውም ባሻ ነበር። ግጥሙን ዛሬም አልጨረሱትም፤ አፋቸው ሙሉ ነበር።