ለሁለት የሚታጠፍ ወረቀት

ሾሩቅ ስዊሲ ዛሬ በቱኒዚያዋ ስፋክስ ከተማ ውስጥ ጠበቃ ናት። የምትጽፈው አጭር ነው፤ ደንበኛዋን የሚጠቅመውን ትጽፍና አራት ነጥብ አስቀምጣ ትነሳለች። አንዳንድ ዳኞች "ይቺ ሴት ሕግ የት ነው የተማረችው?" ይላሉ። የተማረችው እኔ የተማርኩበት ነው፤ አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን።

እኛ ዘንድ የሕግ ጽሑፍ ሁለት ክፍል አለው። ሦስት አይሆንም፣ አንድም አይሆንም። በመጀመሪያው መርሁ ይጻፋል፣ በሁለተኛው የመርሁ ገደብ። የሕግ ምርምርና አጻጻፍ ያስተማሩን ፕሮፌሰር ቡራዊ ሥራችንን ከማንበባቸው በፊት ወረቀቱን ለሁለት ያጥፉታል፤ ሁለተኛው ክፍል ከእጥፋቱ ርቆ ከጀመረ ቀይ እስክሪብቷቸው ወዲያው ይነሳል። አንድ ጊዜ ሞንጂ የሚባል ጓደኛችን ሦስት ክፍል ጽፎ መጣ።

"ልጄ፣ ዓይንህ ስንት ነው?" አሉት።

"ሁለት ነው፣ ፕሮፌሰር።"

"ጆሮህስ?"

"ሁለት።"

"ታዲያ ይሄን ሦስተኛውን ከየት አምጥተህ ለጠፍክብኝ?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሾሩቅ ግን አልሳቀችም፤ ያሉትን እየጻፈች ነበር።

የቀርቀና ደሴት ዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። በቤተሰቡ የመጀመሪያዋ ተማሪ ስለሆነች ነገሩን እንደ ቀልድ አላየችውም። ሁለተኛው ክፍል ሁላችንንም ያስቸግረን ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፍበት ነገር አይገኝም። እኛ ውሃ እየጨመርን እናረዝመዋለን። እሷ የሰበር ውሳኔዎችን ጥራዝ ከመደርደሪያው አውርዳ፣ ገደቡን እስክታገኝ ድረስ ገጽ በገጽ ትፈትሻለች። የጠቀሰችው ውሳኔ በኋላ እንዳልተሻረ ሳታረጋግጥም አታስረክብም። ፕሮፌሰሩ ወረቀቷን አጥፈው፣ ዘርግተው፣ ጮክ ብለው ያነቡልን ነበር። እቀናባት ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ልማዱ እቤቷ ድረስ ተከትሏት ገባ። በበዓል ወደ ደሴቱ ተሻግራ እናቷ የዓሣ ሾርባ ቢያቀርቡላትና "እንዴት ነው?" ቢሏት፣ "በመርህ ደረጃ ጥሩ ነው፣ እማ" አለች።

"በቃ፣ ገደቡን ዋጥ አድርጊውና ብዪ!"

እንደተመረቀች ኡስታዝ ሙንሲፍ የሚባሉ ጠበቃ ዘንድ ተለማማጅ ሆና ገባች፤ እኛ ጠበቃን ኡስታዝ ነው የምንለው። የመጀመሪያ መዝገቧ ሰፈሩ ሁሉ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ የሚላቸው የማብሩካ ነበር። ኻልቲ ማብሩካ ባላቸው የሞተባቸው፣ በአሮጌው ከተማ ግንብ ውስጥ በሙሽርነታቸው የገቡበትን ቤት እስከ እርጅና ተከራይተው የኖሩ ሴት ናቸው። አከራዩ "ልጄን ልድርበት ነው፣ ይልቀቁልኝ" ብሎ ከሰሳቸው። ቢሸነፉ የሚገቡበት የለም፤ ያለው ጋቤስ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ሳሎን ውስጥ አንድ ጥግ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሾሩቅ ምንም ሳይደብቁ ነገሯት።

"ከዚያ ቤት የራቅሁት አንዴ ብቻ ነው። ልጄ ታማብኝ ክረምቱን ሙሉ ጋቤስ ሆኜ አስታመምኳት። ዕቃዬ ግን ንቅንቅ አላለም።"

"ይሄን አከራዩ ያውቃል?"

"እሱ ቱኒስ ነው የሚኖረው፣ ከየት አውቆ! የምታውቁት አላህና አንቺ ናችሁ።"

ሾሩቅ ለክሱ መልስ ጻፈች። ክፍል አንድ ስለ ነባር ተከራይ መብት ነው። ከዚያ የጠራ ጽሑፍ አላነበብኩም፤ እሱ ብቻውን ይበቃ ነበር። እሷ ግን ገና ግማሽ ላይ ነበረች። ቤተ መጻሕፍት ሄዳ ፈለገች፣ አገኘችም፦ ቤቱን ዘግቶ ለረጅም ጊዜ የራቀ ተከራይ መብቱን ሊያጣ ይችላል። ገደቡ ከጉዳዩ ጋር መያያዝ አለበትና የጋቤሱን ክረምት ከታች ጨመረች። ሁለቱ ክፍሎች በመስመር ቁጥር ሳይቀር እኩል ወጡ። ኡስታዝ ሙንሲፍ የመጀመሪያውን ገጽ ገረፍ አድርገው "ማሻአላህ!" አሉና ፈረሙ። ገጹን ገልበጥ ቢያደርጉት ኖሮ! እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ፕሮፌሰሩም ያናድዱኛል፤ ያን ሁሉ ዓመት ሲያጽፉን ለማን እንደምንጽፍ የጠየቀን አልነበረም።

በቀጠሮው ቀን በሌላ ጉዳይ ችሎት ውስጥ ነበርኩ። የአከራዩ ጠበቃ ተነሳ።

"ክቡር ዳኛ፣ የልጁን ሠርግ ትቼዋለሁ። የተከራይዋ መልስ ሁለተኛው ክፍል የእኔ ክርክር ሆኖ ይያዝልኝ። ለጻፈው ሰው ከልብ አመሰግናለሁ።"

ዳኛው ሳቃቸውን ለመደበቅ መዝገቡ ላይ አቀረቀሩ። ኡስታዝ ሙንሲፍ ሁለተኛውን ገጽ ቆመው ማንበብ ጀመሩ። ሾሩቅ ግድግዳውን ይዛ ነበር። ኻልቲ ማብሩካ ብቻ ፈገግ ብለው ዙሪያውን ያያሉ፤ ሰውየው ሲያመሰግን ሰምተው የታረቁ መስሏቸው ነው።

ተፈረደባቸው። ቤቱን ሊለቁ በተቃረቡበት ሰሞን ሾሩቅ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትሄድ ብቻዋን መግባት ስላልቻለች እኔም ተከተልኳት። ፍራሹ ተጠቅልሏል። ኻልቲ ማብሩካ ድስቶቹን በብርድ ልብስ እየቋጠሩ ነበር። አልተቆጡም፣ አልረገሙም።

"የጻፍሽውን አንብቢልኝ" አሏት።

የመጽሐፍ ዓረብኛውን ወደ ቤት ዓረብኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። ክፍል አንድ ሲያልቅ እጃቸው ከቋጠሮው ላይ ተነሳ።

"ይሄ እኔ ነኝ። ልክ እንዳለሁት አድርገሽ ነው የጻፍሽኝ። ቀጥዪ።"

ቀጠለች። የጋቤሱንም ክረምት ሳትዘል እስከ መጨረሻው አነበበችው።

"መጀመሪያው ላይ ብታቆሚ ምን ነበረበት?" አሏት።

"ግማሽ ይሆናል፣ ኻልቲ። ግማሽ አይቀበሉም።"

"እነማን? ዳኛው?"

"ዳኛውስ ይቀበሉ ነበር።"

"ታዲያ ማን ነው ልጄ?"

"ፕሮፌሰራችን።"

ኻልቲ ማብሩካ ብርድ ልብሱን መልሰው ማጥበቅ ጀመሩ።

"እሳቸውስ የት ነው የሚኖሩት?" አሏት።